የእትዬ አበራሽ የበር ገመድ

አብነት አካባቢ ባለው የእትዬ አበራሽ ቤት የግቢ በር ላይ አንዲት ገመድ ነበረች። ከውስጥ መቀርቀሪያው ላይ ታስራ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሾልካ ወደ ውጭ ትንጠለጠላለች። ሳብ ያደረጋት ሁሉ ይገባል። የአጥር ጎረቤታቸው ፈሪዳ ጠዋት ጠዋት ትስባትና ግቢው መሃል ከደረሰች በኋላ «አለሽ እትዬ?» ትላለች። ለወጉ ያህል ነው እንጂ፣ ይህን ስትል በረንዳው ላይ ጫማዋን እያወለቀች ነው። እትዬ አበራሽ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው በርበሬ በረንዳ ያለውን ሱቃቸውን ለልጃቸው ለብሩክ ከለቀቁ ወዲህ፣ ቀኑ የሚነጋላቸው ፈሪዳ ስትመጣ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋደም እንዳሉ ሌባም ገመዷን ሳባት። የጋዝ ሲሊንደሩን ትከሻው ላይ፣ ቴሌቪዥኑን ብብቱ ውስጥ አድርጎ ውልቅ አለ። መርካቶ ዙሪያ ዕቃ የተሸከመን ሰው ዞር ብሎ የሚያይ ማን አለና! የተሸከመ ሁሉ ሥራ ላይ ነው።

አያት ሰፈር የምትኖረው ልጃቸው ማርያማዊት ይህን ሰምታ እያለቀሰች መጣች። በሳምንቱ ደግሞ ዳኒ የሚባል፣ አፉ የማያርፍ የካሜራ ባለሙያ ይዛ ተመለሰች። ፈሪዳም እንደ ልማዷ እዚያው ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ማዘር፣ ሦስት ምርጫ አለ» አለ ዳኒ። «አንደኛው ካሜራና አላርም ብቻ ነው፤ ቁልፍዎ እንደ ድሮው በእጅዎ። ሁለተኛው ስማርት ነው፤ የመዘገብነውን ሰው ፊት አይቶ ራሱ ይከፍታል፣ ራሱ ይዘጋል። ሦስተኛው ፉል ፓኬጅ ነው፤ ይሄ ሁሉ ኖሮ፣ ቢሮ ቁጭ ብለው ቀን ከሌት በርዎን የሚያዩ ልጆች አሉን።»

«አንደኛው ይበቃኛል» አሉ እትዬ አበራሽ። «ገመዷን ግን እንዳትነኩብኝ።»

ዳኒ ሳቀ። ማርያማዊት አልሳቀችም። «እማዬ፣ ሌባው በምን ገባና! ፉል ፓኬጁን ነው የምናስገባው። እኔ እኮ አንቺን እያሰብኩ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ።»

ልጅ እንቅልፍ አጣሁ ስትል እናት ምን ትመልሳለች? ዝምታቸው እንደ እሺ ተቆጠረ።

«እሺ፣ በሩ የሚከፍተው ለማን ለማን ነው?» አለ ዳኒ ስልኩን ደግኖ። የእትዬ አበራሽን፣ የማርያማዊትንና የብሩክን ፊት አነሳ። «ሌላ?»

እትዬ አበራሽ የፈሪዳን ስም ሊጠሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ይሉኝታ ያዛቸው። ሌባ በገባ በሳምንቱ ጎረቤትን «ነይ ፎቶ ተነሺ» ማለት፣ ጠርጥሮ እንደ ማስመርመር ሆኖ ታያቸው። ፈሪዳም «እኔስ?» አላለችም። ሰው እንደ ቤቱ ለሚገባበት ቤት መዝግቡኝ ይላል እንዴ? አንዷ ሌላዋን ስትጠብቅ ማርያማዊት «በቃ» አለች። ዳኒም ገመዷን በመቁረጫው ቀጭ አደረጋት።

ከውስጥ የሚከፈተው ደግሞ በጣት አሻራ ነበር። የእትዬ አበራሽ አውራ ጣት ዕድሜ ልኩን የበርበሬ ዛላ ሲቀነጥስ ኖሮ መስመሩ ጠፍቷል፤ ማሽኑ ቢያየው ቢያየው አላውቀው አለ። «ኖ ፕሮብሌም ማዘር» አለ ዳኒ፤ «መውጣት ሲፈልጉ ልጅዎ ከስልኳ ትከፍትልዎታለች።» በኮድም እንደሚከፈት ሲነግራቸው ማርያማዊት ሳቅ ብላ፣ «ኮዱን ለእሷ ከሰጠናት ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል» አለች። እናትየውም አብረው ሳቁ። የሳቁት በራሳቸው ላይ መሆኑ የገባቸው ሁሉም ሄደው በሩ ጠቅ ብሎ ሲዘጋ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ፈሪዳ መጣች። የገመዷን መቆረጥ በዓይኗ አይታለች፤ እጅ ግን ልማዱን አይተውምና ጣቷ ወደ ቀዳዳው ሄደ። አላርሙ ሰፈሩን ቀወጠው። «ከበሩ ይራቁ! እየተቀረጹ ነው!» የሚል የማታውቀው ወንድ ድምፅ ከላይ ጮኸባት። ጎረቤቱ ከየቤቱ ብቅ አለ።

እትዬ አበራሽ እያነከሱ ወደ በሩ ሮጡ። «ፈሪዳዬ! ቆዪኝ!» ቢሉ ድምፃቸው በጩኸቱ ተዋጠ። አውራ ጣታቸውን ማሽኑ ላይ ጫኑ፣ በቀሚሳቸው ጠርገው ደግመው ጫኑ። ቀይ መብራት ብቻ። ማርያማዊት ጋ ቢደውሉ ስብሰባ ላይ ናት። በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ደጃቸው ታስረው፣ ወዳጃቸው በሰው ፊት እንደ ሌባ ስትቆም በቆርቆሮው ቀዳዳ አዩ። ማርያማዊት ቆይታ ከስልኳ በሩን ስትከፍት ፈሪዳ ሄዳለች።

ማርያማዊት የእናቷን ለቅሶ ሰምታ መጥታ፣ ፈሪዳ ቤት ድረስ ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች። የፈሪዳንም ፊት አስመዘገበች። «ምን ችግር አለው ልጄ፣ ለእሷው ደህንነት አይደል?» አለች ፈሪዳ፤ ፈገግ ብላም ፎቶውን ተነሳች። እትዬ አበራሽ «ይሄን ነገር ንቀሉልኝ» ቢሉ ግን፣ «አሁን እኮ ተስተካከለ እማዬ» ተባሉ።

ፈሪዳ ለብዙ ቀን አልመጣችም። ከዚያ አንድ ጠዋት በሩ ራሱን ከፈተ። እትዬ አበራሽ በመስኮት አዩዋት፤ ደስታቸው ጉልበታቸውን አስረሳቸውና ዘለው ሊነሱ ሞከሩ። «አለሽ እትዬ?» የሚለውን ጠበቁ።

ፈሪዳ ደፉ ላይ ቆማለች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶላታል፤ እግሯን ግን አላነሳችም። ቀና ብላ ካሜራውን አየችና፣

«ልግባ?» አለች።

ያን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። እትዬ አበራሽ «ግቢ» በሩቁ ማለት አልሆነላቸውም፤ ራሳቸው ሄደው እጇን ይዘው ሊያስገቧት ፈለጉ። የወንበሩን መደገፊያ ይዘው እስኪነሱ ድረስ በሩ ራሱን ዘጋ።

ወዲያው ስልካቸው ጮኸ። ማርያማዊት ናት።

«እማዬ፣ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ ይለኛል። ማን ገብቶ ነው?»

«ማንም አልገባም» አሏት።