የእላላ ዳር ግራቪሊያዎች

ኣልጋነሽ በመቀሌ ዳርቻ፣ ከእላላ ወንዝ አጠገብ ቆስጣና ሰላጣ እያለማች ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። ወንዙ በየክረምቱ ማሳዋን እየገመሰ ሲወስድባት እንደ ሌሎቹ ጥላ አልሄደችም። ከጎረቤቷ ከኣንዶም ጋር ሆና ዳሩን በድንጋይ ካበች፤ ከላዩ የዝሆን ሳርና ግራቪሊያ ተከለች። በበጋ በጀሪካን እየተሸከመች ታጠጣ ነበር። ዛፎቹ ሥር ሲሰዱ ጎርፉ አደብ ገዛ፤ ጉድጓዷም በጋውን ሙሉ ውሃ ይቋጥር ጀመር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መንገድ ተዘጋ፣ መብራት ጠፋ፣ ከሰል እንደ ወርቅ ተወደደ። ሰው መጥረቢያ እየያዘ ወደ ወንዙ ወረደ። ኣልጋነሽ ዱላ ይዛ ዛፎቹን መጠበቅ ያዘች። አንድ ጠዋት ግን መጥረቢያ ይዞ የመጣው ኣንዶም ራሱ ነበር።

«አንተም?» አለችው።

«ልጆቼ ጥሬ እህል እየቆረጠሙ ነው። ምን ላድርግ፣ ሓፍተይ፣ እህቴ?»

ዞር ብላ አሳለፈችው።

ልጇ ትምኒት የወለደች ሰሞን ደግሞ ለአራስ ገንፎ የሚሆን ጭራሮ እንኳ ቤት ውስጥ ጠፋ። ኣልጋነሽ መጥረቢያ ተውሳ ወረደችና የቀረውን አንድ ዛፍ በገዛ እጇ ጣለችው። እርጥቡ እንጨት እየጨሰ ገንፎው በስንት መከራ በሰለ። ትምኒት በላች። እናቷ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ሰላም ከወረደ በኋላ ክረምቱ ከዳ። ሐምሌን ሙሉ የጠፋው ዝናብ ነሐሴ ላይ በአንድ ከሰዓት ተደፋ። የተራቆተው ዳር ተናደ፤ ጎርፉ የቆስጣውን መደብ ጠርጎ ጉድጓዱን በደለል ደፈነው።

«ይብቃሽ፣ ኣደይ። ከእኔ ጋር ቁሓ ኑሪ» አለቻት ትምኒት።

«ሄጄ ምን ልሠራ?» አለች ኣልጋነሽ።

ከዩኒቨርሲቲው ሕዝቅኤል የሚባል ባለሙያ ችግኝ ይዞ መጣ። «ከተንከባከባችሁት በሦስት ዓመት ዳሩ ይይዛል» አላቸው ኣልጋነሽንና ኣንዶምን።

«እስከዚያስ ምን እንበላለን?» አለች ኣልጋነሽ።

ሕዝቅኤል አንገቱን ደፋ። «እሱን እኔም አላውቅም፣ እናቴ።»

ተከሉት። የበልጉ ዝናብ ቀረ፤ ችግኙ ቆሞ ደረቀ። አሁን ኣልጋነሽና ኣንዶም የተደፈነውን ጉድጓድ መልሰው ይቆፍራሉ። እሱ ከታች ይዝቃል፣ እሷ በገመድ ባልዲውን ትስባለች። የሚወጣው ደረቅ አሸዋ ነው።

«እርጥበት አለው?» ትለዋለች ወደ ታች ጎንበስ ብላ።

«ገና ነው» ይላታል። ባዶውን ባልዲ መልሳ ትለቅለታለች።