ባዶው ቱቦ ለምን ሰማያዊ ሆነ

ሰው የሚያስቀጣ ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሦስት ቀን ከሰፈሬ ከእሪ በከንቱ አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ተመላልሻለሁ። አሁን ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ተመስገን ነው፣ ለአማካሪዬ አልሰጠሁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለማስተርስ ዲግሪዬ የማጠናው ባክቴሪያ ነበር። ባክቴሪያ ማንጋኒዝ የሚባለውን ማዕድን በጥቂቱ ይፈልገዋል፤ ሲበዛበት ግን ይመርዘዋል። ስለዚህ ዘበኛ አለው። ዘበኛው አር ኤን ኤ ነው፤ የጂኑን ትእዛዝ ይዞ የሚሄደው ክር። ክሩ መጀመሪያ ላይ ያለችው ቁራጭ ማንጋኒዝ ሲበዛ ትይዘውና ትታጠፋለች። ያኔ ከእሷ ቀጥሎ ያለው ትእዛዝ ይከፈታል፤ ትርፉን ማንጋኒዝ ወደ ውጭ የሚጥል ፓምፕ ይሠራል። ማንጋኒዝ ከሌለ ትእዛዙ ዝግ ነው። እኔ ያቺን ቁራጭ ወስጄ ሰማያዊ ቀለም ከሚያወጣ ጂን ፊት ተከልኳት። ማንጋኒዝ የጨመርኩበት ቱቦ ሰማያዊ ይሆናል፣ ያልጨመርኩበት ነጭ ሆኖ ይቀራል። በቃ፣ ሥራዬ ይኸው ነው።

የእኔዎቹ ግን ሁሉም ሰማያዊ ሆኑ። ጠብታ ማንጋኒዝ ያልነካው ባዶው ቱቦ ሳይቀር! ሁለት ወር ሙሉ። በመጨረሻ አማካሪዬ ትዕግሥታቸው አለቀና «ዕቃሽ ቆሽሿል። ማንጋኒዙ ከየት እንደሚመጣ እስከ አርብ ካልደረሽበት ርዕስ ትቀይሪያለሽ። ጥፋቱ የአጣቢው ከሆነ በጽሑፍ አምጪልኝ» አሉኝ። ርዕስ መቀየር ማለት ዓመቴ አፈር በላ ማለት ነው።

የላቦራቶሪውን ዕቃ የሚያጥቡት ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ያን ሰሞን አዲስ ነገር ጀምረው ነበር። ፍላስክ፣ ማለትም ቱቦዎቹ ላይ የምቀዳውን የባክቴሪያ ምግብ የምበጠብጥበትን የመስታወት ጠርሙስ፣ ካጠቡ በኋላ መስኮት ጋ ይወስዱታል፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ያገላብጡታል፣ ያስቀምጡታል፣ መልሰው ያነሡታል። «አይ፣ እኚህ ሰውዬ ዓይናቸው ከድቷቸዋል» አልኩ በሆዴ። ማክሰኞ ማታ ደብዳቤው ላይም ይህንኑ ጻፍኩ፦ ዓይናቸው በመድከሙ ዕቃው በሚገባ ስለማይጸዳ ወደ ሌላ ሥራ ይዛወሩልን። ስናደድ ደግሞ የእጅ ጽሑፌ ያምራል።

እኔማ የእሳቸውን እጥበት ገና ሥራዬን ስጀምር ጀምሮ አላመንኩትም ነበር። እናቴ ፒያሳ ሻይ ቤት አላት። የብርጭቆዎቿን ጥራት ደንበኛ ሁሉ ያነሣዋል፤ ምስጢሩ አመድ ነው። የከሰሉን አመድ በወንፊት ትነፋና ብርጭቆውን በእሱ ትፈትገዋለች። «ሳሙና ያታልልሻል፣ አመድ አያታልልሽም» ትላለች። እኔም ማንም ሳይገባ በጠዋት እየመጣሁ፣ ከእሷ በፌስታል በቋጠርኩት አመድ የጋሼን ፍላስኮች ደግሜ እፈትጋቸው ነበር። በቧንቧ ውሃ አለቀልቃለሁ፤ የተጣራው ውሃ በቁጠባ ስለሆነ እሱን ጠብ አድርጌ እተዋለሁ። ሲያብለጨልጩ ልቤ ይሞላል። የእናቷ ልጅ!

ረቡዕ ንጋት ላይ፣ ጠፍታ የሰነበተችው ውሃ ሰፈራችን መጣች። በርሜልና ጀሪካን ስሞላ ረፈደብኝ። ላቦራቶሪ ስደርስ የመፈተጊያ ጊዜ የለም። እየተነጫነጭኩ ጋሼ አጥበው የደረደሯቸውን ፍላስኮች እንዳሉ አንሥቼ ሥራዬን ጀመርኩ።

ሐሙስ ጠዋት ባዶው ቱቦ ነጭ ነበር። ማንጋኒዝ ያለበት ሰማያዊ፣ ባዶው ነጭ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ምን ቀየርኩ ብዬ ቆጠርኩ፤ የቀረው አመዱ ብቻ ነው። አንድ ንጹሕ ፍላስክ በአመድ ፈትጌ እንደ ልማዴ አለቀለቅኩና ማንጋኒዝ ሳልጨምር ባክቴሪያዬን አሳደርኩበት። አርብ ጠዋት እንደ እመቤታችን ሥዕል መጎናጸፊያ ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀኝ።

እፎይ! ወለሉ ላይ ዘፍ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ዛፍ ማንጋኒዝ ከአፈር ይስባል፤ ሲነድ አመዱ ውስጥ ይቀራል። ይህን አላውቅም ነበር? አሳምሬ አውቃለሁ። ግን የመጽሐፉ አመድና የእናቴ አመድ አንድ መሆናቸው ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ያቺ የአር ኤን ኤ ቁራጭ ሁለት ወር ሙሉ እውነቱን ስትነግረኝ፣ ዋሸች ብዬ ስነዘንዛት ከረምኩ። ሥራዬ ደህና ነው፣ ዓመቴም ተረፈ።

ሳቄ ያለቀው ቦርሳዬን ሳየው ነው።

ጋሼ ሲገቡ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አመዱን፣ በጠዋት መምጣቴን፣ ደብዳቤውንም ጭምር። ካልተናዘዝኩ እንቅልፍ አይወስደኝማ። «ደግሞ የሚያጥበው ሰው አንቺ ነበርሽ?» አሉኝ።

«ያውቁ ነበር እንዴ?»

«ማታ ደረቅ አድርጌ የተውኩት ፍላስክ ጠዋት እርጥብ ሆኖ ይጠብቀኛል። አንድ ሰው ቆሻሻ አግኝቶብኛል ማለት ነው አልኩ። መስኮት ጋ ወስጄ ባገላብጠው፣ ባገላብጠው፣ ምንም አይታየኝም። እንግዲህ ቆሻሻውን ማየት ካቃተኝ ዓይኔ ጠፋ ብዬ፣ ለሚስቴ እንኳ ሳልናገር ጡረታዬን አስቀድሜ ልጠይቅ ነበር።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» ብዬ ደብዳቤውን ልቀደው ስል ከእጄ ወሰዱት።

ወደ መስኮቱ ሄዱ። ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዙትና ያቺን ደቃቅ ጽሑፌን ሳይደናቀፉ አነበቧት፦ «ዓይናቸው በመድከሙ ዕቃው በሚገባ ስለማይጸዳ...» ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ሳቅ ሳቅ እያለው፣ «ታዲያ ዓይኔ ደህና ነው በይኛ!»