ገና ላልመጣ ወጣት የተያዘ ኦክስጅን

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ስም መጥራት ነበር። 2011 ዓ.ም. ሲገባ በነርስነት ተመርቄ በተወለድሁባት ጅግጅጋ በአንድ ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ተመደብሁ። ካርዶቹን ይዤ በሩ ላይ ቆምሁና የመጀመሪያውን ስም ጠራሁ። ማንም ቀና አላለም። ደግሜ ጠራሁ። አንዲት እናት ልጇን ታጠባለች፤ ሁለት ሽማግሌዎች ስለ ዝናብ ያወራሉ።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ዓለሚቱ ከኋላዬ መጡ። እዚሁ ከተማ ተወልደው ያደጉ የወታደር ልጅ ናቸው፤ ሶማሊኛቸው ከአማርኛቸው አያንስም።

«ልጄ፣ ለራስሽ ነው እንዴ የምትጠሪው?» አሉኝ። ካርዱን ተቀብለው አንዴ ጮኹ። ሰውዬው ከግቢው በር ድረስ ሰምቶ መጣ።

በዚያው ሳምንት ሌላም ነገር አስተማሩኝ። ትልቅ ወንድ ሲመጣ «አዴር»፣ ትልቅ ሴት ስትመጣ «ኤዶ» ብሎ መጀመር፤ አጎቴ፣ አክስቴ እንደማለት ነው። ስሜን ሳልናገር ሙቀት እንዳልለካ። ገበያ ውስጥ የለመድሁት ሶማሊኛ ለሽንኩርት እንጂ ለሕመም እንደማይበቃ ስለነገሩኝ፣ እረፍት ሰዓት ላይ እሳቸው ጋ ተቀምጬ የሕመም ቃላት አጠና ነበር።

ኮሮና ሲመጣ አንድ የኮሌጅ ሕንፃ ለሕሙማን ተለቀቀና ብዙዎቻችን ወደዚያ ተዛወርን። ሲስተር ዓለሚቱ ግን ቀሩ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ስለቀራቸው በዕድሜ ምክንያት ወደ ሕሙማን እንዳይገቡ ተወሰነ። የኮሮና ማዕከሉ አስተባባሪ «ለእርስዎ ጤና ብለን ነው» አላቸው።

«ስኳር የለብኝም፣ ደም ግፊት የለብኝም» አሉት። «ካለብኝ መርምረኝና ንገረኝ። የልደት ቀኔን ግን አትመርምር።»

አልሰማቸውም። የጓንትና የማስክ መጋዘን ላይ አስቀመጧቸው። ዕቃ ልወስድ በሄድሁ ቁጥር፣ «ውስጥ እንዴት ነው? ሽማግሌዎቹን ማን ያናግራቸዋል?» ይሉኛል። ማንም አያናግራቸውም ነበር። ጋውን፣ ማስክና የፊት ከለላ ለብሰን እንገባለን፤ ፈጥነን እንወጣለን። ሁላችንም አንድ ነበር የምንመስለው።

አዴር ጃማ ከደገሀቡር ተልከው የመጡት በ2013 ነው። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው የግመል ደላላ ናቸው። የኦክስጅን ጭምብል እናደርግላቸዋለን፤ ይነቅሉታል። እንመልሰዋለን፤ ይነቅሉና ይጮኻሉ። «ፊታችሁን ግለጡ! ሌቦች ናችሁ? ፊታችሁን አሳዩኝ!» ስም ሲጠየቁ አይመልሱም። ያሉበትን ከተማ ሲጠየቁ ወደ ጣሪያ ያያሉ። ቻርታቸው ላይ «ኮንፊውዝድ» ተባለ፤ አእምሯቸው ተምታቷል ማለት ነው።

ያን ጊዜ የኦክስጅን ሲሊንደር አጥሮናል። ጠዋት አልጋ በአልጋ በሚደረገው ራውንድ ላይ ዶክተር ዮናስ፣ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ሐኪም፣ አልጋቸው አጠገብ ቆመ።

«ሰውዬው እንደሆነ አይጠቀምበትም» አለ። «እስከ ማታ ከነቀለ ሲሊንደሩን አንሱትና ለሚመጣ ወጣት ያዙት።»

ሁሉም ወደሚቀጥለው አልጋ ተንቀሳቀሰ። እኔ አልተንቀሳቀስሁም።

«ዶክተር፣ ያ ወጣት የት ነው ያለው?»

«የትኛው?»

«ሲሊንደሩ የሚያዝለት።»

«ይመጣል። አይተሽ የለም እንዴ? በየቀኑ ይመጣል።»

«አዴር ጃማ ግን መጥተዋል።»

ዶክተሩ «እስከ ማታ ብያለሁ፤ እስከዚያ እሳቸው ያንቺ ናቸው» ብሎ አለፈ።

ጠያቂ መግባት ክልክል ስለነበር ቤተሰብ የሚቆመው ከአጥሩ ውጭ ነው። የአዴር ጃማ ልጅ ሆዳን እዚሁ ከተማ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ቀኑን ሙሉ ሽቦው ላይ ተለጥፋ ትውላለች። ልብሴን ቀይሬ ወጣሁ። አባቷ ከመታመማቸው በፊት የመርሳት ችግር ነበረባቸው ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«አባቴ? መርሳት?» አለች። «ከዛሬ አስር ዓመት በፊት የሸጠውን ግመል ከነእናቱ ይነግርሻል።»

«ስናናግራቸው አይመልሱም።»

«ጆሮው የለማ! አፍ አይቶ ነው የሚሰማው። እናንተ አፋችሁን ትሸፍናላችሁ፣ ከዚያ አበደ ትላላችሁ። እሱ ካበደ የደገሀቡር ገበያ በሙሉ አብዷል።»

«ታዲያ ሳይሰሙ እንዴት ይደልላሉ?»

ሳቀችብኝ። «አባዮ፣ ጅግጅጋ ተወልደሽ ግመል ሲሸጥ አላየሽም?» «አባዮ» እህቴ ማለት ነው፤ እሷ ስትለው ግን ስድብ መሰለኝ።

አይቼ ነበር። ገዢና ሻጭ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ ሌላ ሰው ዋጋውን እንዳያውቅ እጃቸው ላይ ሻል ይጣላል፤ ጨርቁ ሥር ጣት እየያዙ ይከራከራሉ። ድምፅ የለም። አዴር ጃማ ጆሯቸው ከደከመ በኋላ ዓመታት የሠሩት፣ በሥራው መስማት ስለማያስፈልግ ነው። ሆዳን እጇን በሻሿ ሸፍና በራሷ ጣቶች አሳየችኝ። አንድ ጣት አንድ ነው፤ መላ እጅ አምስት፤ ከዚያ በላይ ሲሆን መላ እጅ ተይዞ ጣት ይጨመራል። አንዱ ጣት አስር ይሁን መቶ ወይም ሺህ፣ ሁለቱ ሰዎች ከግመሉ ሁኔታ ያውቁታል።

ተመልሼ ለብሼ ገባሁ። ጣታቸው ላይ የተሰካው የኦክስጅን መለኪያ ሰማንያ ሁለት ይላል። ማንበብ ባይችሉም ቁጥር ያውቃሉ። አንሶላውን እጃችን ላይ ሳብሁና እጃቸውን ያዝሁ።

ጩኸታቸውን አቆሙ። ከገቡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩ።

በአገጬ መለኪያውን አሳየኋቸው። ከዚያ መላ እጃቸውን ጨበጥሁ፤ አራት ጣት ጨመርሁ። ዘጠኝ። ዘጠና እንፈልጋለን። ቁጥሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የተነቀለውን ጭምብል አዩ። አንስቼ ሳደርግላቸው እጄን አልገፉም። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ። ዘጠና ላይ ሲደርስ እጄን በኃይል ጨበጡና አራት ጣቶቼን ያዙ፤ ተስማማን ማለታቸው ነው። ጭምብሉ ውስጥ ሆነው ጮኹ፤ «ይህን ብቻ ነው የምትፈልጉት? ታዲያ ሰው ይህን ለመናገር ፊቱን ይሸፍናል?»

ማታ ዶክተር ዮናስ ሲመጣ ጭምብሉ እንዳለ ነው። «አልተምታታባቸውም፤ አይሰሙም» አልሁት።

«አዝነሽላቸው እንዳይሆን።»

«የፈለጉትን ይዘዟቸውና ይዩ።»

ለሳንባቸው እንዲረዳ በሆዳቸው ይተኙ፣ ለስድስት ሰዓት፣ አለ። እጄን ገልብጬ አተኛኘቱን አሳየኋቸው፤ የግድግዳውን ሰዓት ጠቆምሁ፤ አንሶላው ሥር ስድስት ያዝሁ። አዴር ጃማ እጃቸውን ነጠቁኝ። መልሰው ሲሰጡኝ ሦስት ጣት ያዙ።

«ምን አሉ?»

«ሦስት ሰዓት።»

«ስድስት ነው ያልሁት!»

«ገብቷቸዋል፣ ዶክተር። ዋጋ እየቀነሱ ነው።»

ዶክተር ዮናስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና የገዛ እጁን አንሶላው ሥር አስገባ። ሲከራከሩ ቆዩ፤ ሁለቱም አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። አምስት ላይ ተስማሙ። አዴር ጃማ በሆዳቸው እየተገላበጡ «ይህኛው ነጋዴ አይደለም፤ ቶሎ ይረታል» አሉ። ስተረጉምለት ማስኩ ውስጥ ሲስቅ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ቻርቱን ተቀብሎ «ኮንፊውዝድ» የሚለውን ሰረዘ።

በዚያ ሳምንት ወጣቱም መጣ፤ እንደ ዕድል ሆኖ ሲሊንደር ከሐረር ደርሶ ነበር። ባይደርስስ ምን ይደረግ ነበር ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ያኔ የሁለቱን ሳንባ አይተን እንከራከር ነበር፤ የተወለዱበትን ዘመን አይተን ግን አይደለም። ለዚህ መልሴ ይቅርታ አልጠይቅም።

አዴር ጃማ በእግራቸው ወጡ። ከዚያ በፊት ሌሎቹ አልጋዎች ላይ «ኮንፊውዝድ» የተባሉ ሁለት አዛውንቶች ነበሩ። ሆዳንን እንደጠየቅሁ ቤተሰባቸውን ጠየቅሁ። አንደኛው የምር ተምታቶባቸው ነበር። ሌላኛዋ ኤዶ ደግሞ ከሐረሪኛ ሌላ ቋንቋ የማያውቁ ሐረሪ ነበሩ፤ እኛ በሶማሊኛና በአማርኛ ስንጮኽባቸው ከርመናል። ሲስተር ዓለሚቱ ከመጋዘኑ ይምጡልን ብዬ ለአስተባባሪው አመለከትሁ። እንቢ አለ። ደግሜ አመለከትሁ፤ በሦስተኛው፣ በመስኮት በኩል ቆመው ሕሙማንን እንዲያናግሩ ተፈቀደላቸው።

ዛሬ አዲስ ነርሶችን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። የምነግራቸው ይህ ነው፤ በሽተኛው እንደሚሰማና ቋንቋችሁን እንደሚያውቅ ሳታረጋግጡ አእምሮው ተምታቷል ብላችሁ አትጻፉ።