ወንድም ጋሼ፣ ቁጥር ሰማንያ ሦስት

ሰልፍ አስከባሪ ማለት፣ በባለጉዳዮች አዳራሽ ውስጥ ሰዎች በመጡበት ቅደም ተከተል እንዲስተናገዱ የሚያደርግ፣ ራሱ ግን የሚስተናገድበት መስኮት የሌለው፣ በደረጃ ከጥበቃ ከፍ ከጸሐፊ ዝቅ ያለ ቋሚ ሠራተኛ ነው። ፊት አያይም፤ ቁጥር ያያል። ዘመድ የለውም፤ ካለውም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ድረስ እንደሌለው ይቆጠራል።

ይህን ፍቺ በወረቀት ያሰፈረ የለም። የሰነድ ማረጋገጫው ሰልፍ አስከባሪ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ኖሮበታል። ሥራ ሲጀምር አንድ ፊሽካ፣ ስምንት ሜትር ገመድና ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አሥራ አንድ አንቀጽ ያለው መመሪያ ተሰጥቶት ነበር። ፊሽካው ሕፃናትን አስለቀሰ፤ ገመዱን ሰዎች ዘለሉት፤ መመሪያውን ደግሞ የሚያነበው ሌላ የሚያነበው ያጣ ሰው ብቻ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት፣ ከድካም ብዛት ይመስላል፣ አንድ ዘዴ አገኘ። አዲስ የመጣውን ሁሉ ከፊቱ ካለው ሰው ጋር ሰላምታ ያለዋውጥ ጀመር።

“እናቴ፣ ከፊትዎ ያሉትን አባት ጤና ይስጥልኝ ብለዋል?”

“አላውቃቸውም እኮ።”

“እስከ ምሳ ሰዓት ይተዋወቃሉ።”

ጤና ይስጥልኝ የተባባሉ ሰዎች ለመቀዳደም ያፍራሉ። ገመዱን የዘለለው ብዙ ነው፤ እፍረቱን የዘለለ ግን በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አራት ሰው ብቻ ተገኘ። ከአራቱም ሁለቱ ጠበቆች ነበሩ።

የዚህ ዘዴ ክፋቱ፣ ሰው የሚታይበት ዓይን እንደ ፊሽካ ኪስ ውስጥ ከትተውት ወደ ቤት የሚሄዱበት ነገር አለመሆኑ ነው። ሠፈርተኛው ጋሽ ተራዎ ብሎ ሰየመው። ዳቦ ቤት ሄዶ ዝም ብሎ መቆም አይችልም፤ ሁለት ሴቶች ማን ቀድሞ እንደመጣ እሱን ያስፈርዱታል። ፀጉር አስተካካዩ የልጅነት ጓደኛው ሆኖ ሳለ ከሦስት ጎረምሳ በኋላ ይቆረጣል፤ ወንበሩ ላይ ቀድሞ ቢቀመጥ የሚወራውን ያውቀዋላ። ሠርግ ቤት ሳይቀር ምግብ የሚደርሰው ወጥ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ነው፤ አስተናጋጆቹ እንደዚያ የሚወድ ይመስላቸዋል። ሚስቱ እንደምትለው ከሆነ፣ ሊያገባት ሲያስብ እንኳ ከእሱ በፊት የጠየቃት ሰውዬ ተስፋ እስኪቆርጥ ሁለት ዓመት ጠብቋል።

“ተራው የሱ ነበራ” ይላል፣ ዛሬም ሳይስቅ።

ባለፈው ማክሰኞ ይህች ሚስት ሸሚዙን እያቀበለችው፣ “ወንድም ጋሼ ዛሬ ይመጣሉ። ታስጨርስላቸዋለህ አይደል?” አለችው።

“ቁጥር ይወስዳሉ።”

“ምን ይወስዳሉ?”

“ቁጥር።”

“ጥሩ። እንግዲያው እሳቸውን ስታቆም የዋልክ እንደሆነ፣ ዛሬ ራትህ የሚቀርበው ከድመቷ ቀጥሎ ነው። ድመቷ ደግሞ ስትበላ አትቸኩልም።”

ወንድም ጋሼ የምትላቸው ታላቅ ወንድሙ ናቸው። አባታቸው ሲሞት እሱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ወንድም ጋሼ ትምህርታቸውን አቋርጠው የልብስ ስፌት መኪና ላይ ተቀመጡ፤ እሱን እስኪያስጨርሱት ድረስም አልተነሡም። አሁን በአውቶቡስ አራት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ ይኖራሉ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏል፤ ሚስታቸውም አልጋ ላይ ስለሆኑ ውጭ ማደር አይችሉም። እዚህ የተጀመረ የቤት ክርክር አለባቸው። ከእንግዲህ ልጃቸው ቆማ እንድትከራከርላቸው ውክልና መስጠት አለባቸው፤ ለዚህም በአካል ቀርበው መፈረም ግድ ነው። ባለፈው ወር መጥተው አንድ ቅጂ ጎድሏል ተብለው ተመልሰዋል። ይህ ሁለተኛቸው ነው፤ ሦስተኛ እንደማይኖር በስልክ አስቀድመው ነግረውታል።

አዳራሹ የገቡት ከረፋዱ አራት ሰዓት አልፎ ነው። የደረሳቸው ቁጥር ሰማንያ ሦስት ሲሆን፣ በቀን ከሰማንያ ብዙም የሚያልፍ ባለጉዳይ አይስተናገድም። ወንድሙ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ሆኖም ወንበር አመቻችቶላቸው ጎንበስ አለና፣ “ወንድም ጋሼ፣ ከፊትዎ ያለውን ሰው ሰላም ብለውታል?” ብሎ ጠየቃቸው።

“ብዬዋለሁ” አሉ። “ወንድምህ መሆኔንም ነገርኩት። አላመነኝም።”

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የመስኮት ሦስት ጸሐፊ በጣቷ ጠራችው። ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል።

“ያ ሽማግሌ ወንድምህ ነው አሉ። ወረቀቱን አምጣልኝ።”

“ሰማንያ ሦስት ናቸው።”

“ሰባ ዓመት ለሞላው ቅድሚያ ይሰጣል፣ አንቀጽ አራት። ሰባ ናቸው በለኛ።”

“ስልሳ ስምንት ናቸው።”

“መታወቂያውን ማን ያየዋል?”

“አንቺ።”

“እኔ ዛሬ መነጽሬን ረስቻለሁ።”

“አፍንጫሽ ላይ ነው” አላትና ወደ ቦታው ተመለሰ። ሲመለስ መላው ሰልፍ ሲያየው እንደነበረ ተረዳ። ወሬው ከሰማንያ ሁለት ተነሥቶ፣ ከሰላምታ ወደ ሰላምታ እየተሻገረ፣ እስከ መስኮቱ ደርሷል። እነዚህን ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዲጠባበቁ ያስተማራቸው እሱ ነው፤ አሁን ደግሞ በአንድነት እሱን ይጠብቁታል።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ያልጠበቀው ነገር መጣ። ስድስት ሰዎች፣ ከሰባ ሰባት እስከ ሰማንያ ሁለት ያሉት፣ ተማክረው አንዲት ወፍራም ነጋዴ ወከሉ።

“ጋሽ ተራዎ” አለች፣ “እኛ ተስማምተናል። አባታችን ጉልበታቸውን ሲያሹ ነው የዋሉት። ከፊታችን ይግቡ። ያኮረፈ የለም፣ ጠይቅ።”

ከኋላቸው እነማን እንዳሉ አየ፤ ከሰማንያ አራት እስከ ዘጠና አንድ። ከእነሱም ያኮረፈ አልነበረም። አንዱ እንዲያውም በእጁ ይለፉ የሚል ምልክት አሳየ። ወንድም ጋሼ አቀርቅረው ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ ያሽከረክራሉ። በሕይወታቸው ምንም ለምነውት አያውቁም፤ አሁንም አልለመኑትም።

“ተራ መለዋወጥ አይቻልም” አለ። “አንቀጽ ስድስት።”

“እሱ እኮ ለደላሎች የወጣ ነው።”

“ለደላሎች ብቻ ነው አይልም።”

“ኧረ የሰው ያለህ። እናትህ ቢሆኑስ?”

ሐሳቡን ጠይቃው ቢሆን ኖሮ እውነቱን ይነግራት ይሆናል፤ የሚለቁላቸው ስለ ጉልበታቸው ሳይሆን ስለ እሱ ሲሉ ነው ብሎ ፈርቶ ነበር። ነገ ሌላ ጉልበቱን የሚያሽ ሽማግሌ ሲመጣ፣ ወንድም ስለሌለው የሚለቅለት ይጠፋል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ለዚህ ክርክር መክፈያ የሚሆነው የሌላ ሰው ጉልበት ነበር።

አሥር ተኩል ሲሆን ከመስኮት ሦስት የተነሣው ሰማንያ አንደኛው ሰው ነው። መጋረጃው ወረደ። ወንድም ጋሼ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ሲነሡ ደግፎ ሊያቆማቸው ሞከረ፤ ወንበሩን ይዘው ራሳቸው ቆሙ።

“ወንድም ጋሼ...”

“ግድ የለም። ተራዬ አልደረሰም” አሉ። ትከሻው ላይ የተመዘዘች ክር አይተው በሁለት ጣታቸው ነቀሉለት። “ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።”

እያነከሱ ወጡ። የመጨረሻው አውቶቡሳቸው የሚነሣው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር።

እሱ አዳራሹን ማስረከብ ነበረበት። ቁጥሮቹን ሰበሰበ፣ ወንበሮቹን ደረደረ፣ መዝገቡ ላይ ፈረመ። ሠላሳ ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ በሃያ ጨረሰው። ሦስተኛ አይኖርም ያሉትን ያስታወሰው ሲፈርም ነው። ከዚህ በፊት ሰምቶት ነበር፤ አሁን ግን ገባው። እሳቸው አይመጡም፤ እሱ ደግሞ ፈቃድ የሚደርሰው በዓመት አንዴ ነው፤ ጉልበት ሲያልቅ ዓመት መጠበቂያ የለውም። አውቶቡሱ ሳይነሣ ሊደርስባቸው ወጣ።

ታክሲ መያዣው ጋ ሲደርስ ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ነበር። እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ሩብ ሰዓት ያስኬዳል። አርባ የሚያህል ሰው ግንቡን ታክኮ፣ አንድ ለአንድ፣ በሥርዓት ተሰልፏል፤ የመጣችው አንዲት ታክሲ ናት። ግማሾቹ ያውቁታል። ሁለቱ ጤና ይስጥልኝ አሉት።

ሰልፉን በጎን አልፎ ሄደ። መጀመሪያ ያየችው ሴት ጠብ ያለበት ቦታ ያለ መስሏት ሊዳኝ የሚሄድ እንደሆነ ለጎረቤቷ ነገረቻት። እሱ ግን በሩን ይዞ አንድ እግሩን ካስገባው ሰውዬ ፊት ትከሻውን ቀድሞ አስገባ፤ “ይቅርታ” እንኳ አላለም፤ ገባና ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጠ።

ማንም አልጮኸበትም።

“ጋሽ ተራዎ አይደሉም እንዴ?” አለ አንዱ።

“እሳቸው ናቸው።”

“ታዲያ?”

“እሳቸው ካደረጉት ተፈቅዷል ማለት ነው። መመሪያው ተለውጦ ይሆናል።”

ከመካከል አንድ ጎረምሳ ግንቡን ለቆ ወደ በሩ መጣ፤ ቀጥሎ ሁለት ሴቶች፤ ቀጥሎ ሁሉም። ታክሲዋ በክርንና በቦርሳ መካከል ሞላችና ተንቀሳቀሰች። በኋላ መስኮት ዞሮ ሲያይ ግንቡን የታከከ አንድም ሰው አልቀረም፤ ሁሉም መንገዱ መሐል ወጥቶ ቀጣዩን ታክሲ ሊይዝ ይጋፋል።

ወደ ፊት ዞረና ሾፌሩን ትከሻውን ነካ አደረገው።

“ወንድሜ፣ ከፊትህ ያለውን መኪና ብታልፈው ምን ይመስልሃል?” አለው።