«ልምጣና ልመስክርልህ»

የእህቴ ልጅ ሕይወት ለነገው የሥራ ቃለ መጠይቅ እየተለማመደች ነው። ከዘገባ ጉዞ ደክሞኝ ተመልሼ ጋደም ባልኩበት ድምፅዋ ግድግዳውን አልፎ ይሰማኛል። «ጠብ ያበረድኩበት ጊዜ...» ትልና ትቆማለች። እንደገና ትጀምራለች፤ እዚያው ትቆማለች።

ያቺን ቦታ አውቃታለሁ። እኔም እዚያ ቆሜ ቀርቻለሁ።

ኮሌጅ ጨርሼ ደብረ ታቦር ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩበት ሁለተኛው ክረምት ነበር። ቡሄ አልፏል፤ የጉና ብርድ ግን አላለፈም። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጫማዬ ውሃ ያስገባል። አንድ የእርዳታ ድርጅት እብናት ወረዳ ከገበሬዎች ጋር የሚሠራ ሰው ፈልጎ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ይህ ካለፈኝ፣ ከጥማድ በሬያቸው አንዱን ሸጠው ወዳስተማሩኝ አባቴ ባዶ እጄን መመለሴ ነበር።

እኔ በተከራየሁበት ግቢ የሚኖር ገመቹ የሚባል ከአርሲ የመጣ መምህር ጓደኛ ነበረኝ። «ምን ታውቃለህ ብለው አይጠይቁህም፤ ምን አደረግህ ነው የሚሉህ» አለኝ። ያደረግሁትን ስንፈልግ አንድ ነገር ተገኘ። አከራያችን እትዬ ዘነቡ በባሕር ዛፍ ሰበብ ከጎረቤታቸው ተኳርፈው፣ እስኪታረቁ ድረስ እኔ በሁለቱ መሃል ቃል ሳመላልስ ከርሜያለሁ። ስድቡን መንገድ ላይ እየጣልኩ የቀረውን አደርስ ነበር። በኋላ በያዝኩት የጋዜጠኝነት ሙያ እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም።

«በል፣ እኔ አስታረቅኋቸው በል» ይለኛል ገመቹ።

«ታረቁ ብል አይበቃም?»

«ሥራ ልትለምን ነው የምትሄደው ወይስ ልትመንን?»

እትዬ ዘነቡ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ ይዘውልን ሲገቡ ሰሙን። «ሰው ራሱን አመስግኖ ነው እንዴ ሥራ የሚገባው? ጉድ እኮ ነው! ተወው፣ እኔ ልምጣና ልመስክርልህ» አሉ። የምራቸውን ነበር። እኛ ሳቅን።

ቢሮው ውስጥ ሦስት ሰዎች ጠበቁኝ። ሁለቱ የድርጅቱ ሠራተኞች ናቸው፤ ሦስተኛው ከእብናት የተጠሩ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ። ስለ እርቅ ተጠየቅሁ። ያጠናሁት ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር። ዕድሜያቸውን ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ በሚመስሉ አዛውንት ፊት ግን «እኔ አስታረቅሁ» ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ።

«ሽማግሌዎች ገብተው ታረቁ» አልኩ።

«የአንተ ድርሻስ?» አለች አንደኛዋ ሠራተኛ።

«እዚያው ነበርኩ።»

ጻፈች። ሌላ አልጠየቀችም።

ስመለስ እትዬ ዘነቡ በር ላይ ቆመዋል። ያልኩትን ነገርኳቸው።

«አንተ ልጅ! ሽማግሌዎቹ እኮ የመጡት እኛ ከታረቅን ወዲያ ጠላ ሊጠጡ ነው!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ብመጣ ኖሮ...» ብለው ተዉት።

ሥራውን ሌላ ሰው አገኘው። መስከረም ሳይጠባ ሻንጣዬን ይዤ ወደ አገር ቤት ወጣሁ። አባቴ ሻንጣዬን ተቀብለውኝ ወደ ቤት ገቡ።

ከዚያ ወዲህ የሌላውን ሰው ቃል ሳደርስ ኖሬ ይኸው ደክሜያለሁ። እትዬ ዘነቡም አሁን የሉም። በሕይወት ሳሉ ያላመሰገንኳቸውን ሰዎች ስቆጥር እሳቸውን አስቀድማለሁ።

ተነሥቼ ወደ ሕይወት ክፍል ገባሁ። አልጋዋ ጫፍ ላይ አቀርቅራ ተቀምጣለች።

«አጎቴ፣ የምለው የለኝም እኮ። እኔ ምን አድርጌ አውቃለሁ?»

«አምና ክረምት አንበሳሜ ላይ አውቶቡሳችን ተበላሽቶ፣ ተሳፋሪው ሾፌሩን ሊደበድብ ሲነሣ መሃል ገብቶ የቆመው ማን ነበር?»

«እሱማ ማንም የሚያደርገው ነው!»

«አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ነበር። እኔም ነበርኩ። ማንም አላደረገውም።»

ቀና ብላ አየችኝ። ነገ አብሬያት ገብቼ መመስከር አልችልም፤ ዛሬ ግን ይቻላል። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ያየሁትን ከመጀመሪያው ነገርኳት፤ ምንም ሳልጨምር፣ ምንም መንገድ ላይ ሳልጥል።