ድንኳኑ በርቷል፣ ደረጃው ጨለማ ነው

ዛሬ ጠዋት ተደውሎ «እትዬ የሺ ወደቀች» ሲሉኝ «ታዲያ አንሷት እንጂ፣ እኔ ጋ ምን ያስደውላችኋል?» አልኩ። ሴትዮዋ ወድቃ ስትነሳ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሞታ እንደሆነ የገባኝ ደዋዩ ማልቀስ ሲጀምር ነው። አሁንም አላመንኩም። ይህን እየጻፍኩ ራሱ ደውላ «ደግሞ ምን እያወራህ ነው አንተ ኢንጂነር?» የምትለኝ ይመስለኛል።

ለማታውቋት፦ እትዬ የሺ እዚህ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ የአንዲት ትንሽ የሰፈር ማኅበር መሪ ነበረች። ከሀገር ቤት የመጣ ቤተሰብ ማደሪያ ሲያጣ፣ ማኅበሩ ከተከራያቸው ክፍሎች አንዱን ትከፍትለታለች። የመኖሪያ ወረቀቱን እስኪጨርስ አብራው ትሰለፋለች። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል የሚያነድ ካገኘች ምድጃውን ራሷ ተሸክማ ታወጣዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ሰብስባ ታስጠናለች። እኔም ከከተማው ማዶ፣ ከኪሌሌሽዋ እየመጣሁ ሒሳብ የማስተምረው እሷ ስለማትለቀኝ ነበር።

አሟሟቷን ልናገር፤ ምክንያቱም ከጠዋት ጀምሮ «ቀኗ ደርሶ ነው» የሚል መልእክት እየጎረፈልኝ ነው።

ክፍሎቹ ያሉበት ሕንፃ ደረጃው ግራና ቀኙ በግንብ የተዘጋ ነው። በቀትር እንኳ እጃችሁን አታዩም። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቆጣሪ አለው፤ ቶክን፣ ማለትም የቅድሚያ ክፍያ ቁጥር፣ ገዝተህ ታበራለህ። ደረጃው ግን የማንም ቆጣሪ ላይ የለም። ተከራዩ «የባለቤቱ ነው» ይላል፣ ባለቤቱ «የተከራዮቹ ነው» ይላል። ለዓመታት እንዲህ ሆኖ ቆየ። እትዬ የሺ ከማኅበሩ ቆጣሪ ሽቦ ስባ አንድ አምፖል ብትሰቅል፣ ባለቤቱ «ያለፈቃድ የተቀጠለ ነው» ብሎ አስቆረጠው። ባለቤቱ የኛው ሀገር ሰው ነው። ዌስትላንድስ ያለው ቢሮው እንዴት እንደሚበራ አይቻለሁ።

አንድ ጊዜ በዚህ ጉዳይ ተሰብስበን ነበር። የሕንፃው ተቆጣጣሪ እንደ ልማዱ «ኬሾ፣ ማማ» አለ፤ በስዋሂሊ ነገ ማለቱ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ኬሾህ ጢም አበቀለ» አለችው።

የሰፈሩ የሀበሻ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጉሮሮውን ጠረገና «እትዬ የሺ፣ ነገሩ ይታያል» አለ።

«ማን ነው የሚያየው? ስም ጥራ።»

«እንግዲህ… እንጸልይበት።»

«ጸልዩ። አሜን እስክትሉ ድረስ አምፖሉን ማን ይሰቅላል? ስም ጥራ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ስም የጠራ ግን አልነበረም።

እዚያ ደረጃ ላይ የራሷ አወራረድ ነበራት። ከፊት ትቀድምና የስልኳን መብራት ወደ ኋላ ይዛ የሚከተሏትን ሰዎች እግር ታበራለች። «የራስሽንስ?» ስላት «እኔ በእግሬ አውቀዋለሁ» ትለኝ ነበር።

እውነቷን ነው፣ ታውቀው ነበር። ሰሞኑን ግን ሰዎች ቁም ሳጥን ሲያወርዱ የአንዱን ደረጃ ጠርዝ ሰብረውታል። የሚጠግነውም አልተገኘም። ዛሬ ጠዋት በቅርቡ የመጣችውን ሰናይትን ከነሕፃን ልጇ ሐኪም ጋ ልትወስዳት፣ እንደ ሁልጊዜው ከፊት ቀድማ ስትወርድ እግሯ ያንን ጠርዝ አጣው። ሰናይት አልወደቀችም። እግሯ ሥር መብራት ነበራ።

ስለዚህ «ቀኗ ደርሶ ነው» የምትሉኝ ተዉኝ። የሰው ቸልታ በእግዚአብሔር ላይ አይለጠፍም።

ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ሄድኩ። በግማሽ ቀን ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ ወንበር መጥቷል፣ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ጄኔሬተር ተከራይተው ድንኳኑን ከዳር እስከ ዳር አምፖል በአምፖል አድርገውታል። ለሞተ ሰው ማን ይቀድመናል? ከድንኳኑ ባሻገር ደግሞ የደረጃው መግቢያ እንደ ጉድጓድ ጠቁሮ ይታያል።

ሰናይት ልጇን ታቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ክፍሏ ላይኛው ፎቅ ነው። ሲመሽ «ውጪና አስተኚው እንጂ» አልኳት።

«በየት ጋሼ? በዚያ ደረጃ?» አለችኝ። «እዚሁ ከሰው ጋር እናድራለን።»

ያኔ ተነሳሁ። የሕንፃው ባለቤት ጥቁር ለብሶ ከፊት ተቀምጧል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ እዚያ ግን ከነአባቱ ጠራሁት። «ደረጃውን መቼ ነው የምታበራው?» አልኩት።

«ወንድሜ፣ ለቅሶ ላይ እኮ ነን። ከቀብር በኋላ እንነጋገራለን።»

«ከማን ቀብር በኋላ?»

አንድ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው ሊያስቀምጡኝ ሞከሩ። የማኅበሩ ሴቶች ግን ከዚያ በላይ አልጠበቁም። ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ፣ ከድንኳኑ አምፖሎች ግማሹን ከነገመዱ አወረዱ፣ ከደረጃው መግቢያ እስከ ላይ ድረስ ዘረጉት። ድንኳኑ ደበዘዘ። ለቅሶው ግን ምንም አልጎደለበትም፤ እንዲያውም በድንግዝግዙ የበለጠ ተለቀሰ።

ሰናይት ልጇን ይዛ ወጣች። የተሰበረው ጠርዝ ጋ ስትደርስ ቆማ አየችው። ከዚያ አለፈችው።

ይህ የዛሬ ነው። ጄኔሬተሩ የኪራይ ስለሆነ ድንኳኑ ሲፈርስ አብሮ ይሄዳል፤ እነዚያ ቤተሰቦች ግን ደረጃውን ይወጡበታል፣ ይወርዱበታል። ነገ ከቀብር መልስ፣ ንፍሮ ሳይቀመስ፣ ከማኅበሩ ቆጣሪ ሽቦ እንዘረጋለን። ጠርዙም ይሞላል። ማን? ስም ልጥራ፤ እኔ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛና ግንበኛ ይዤ። ሽቦውን ዳግመኛ የሚያስቆርጥ ካለ ደግሞ ያኔ ስሙን እዚሁ ገጽ ላይ ታነቡታላችሁ።

እትዬ የሺ፣ ከኋላሽ ያለነው ዛሬ እግራችንን እያየን ነው። መብራቱን አሁን ወደ ራስሽ አዙሪው። ደህና ሁኚ፣ ቀስ ብለሽ ሂጂ።