ክር የሌለው መኪና

በደርግ ዘመን ከነፋስ ስልክ እስከ ሀና ማርያም በትሕትና የሚያክለኝ ሰው አልነበረም። ጉራ እንዳይመስላችሁ። ትሑት መሆኔን ያላወቀ ሰው ካጋጠመኝ ቁጭ አድርጌ አስረዳው ነበር፤ ካልገባውም እንደገና።

ችግሩ፣ ጉባኤያችን ሊያምነኝ አልቻለም።

ጉባኤ ስል አዳራሽ እንዳታስቡ። አዳራሾቹ ታሽገዋል። እኛ ጴንጤዎቹ የምንሰበሰበው መካኒሳ አቦ፣ የአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ቤት ነበር። ከሱቃቸው ጀርባ ወዳለችው ክፍል አንድ በአንድ እንገባለን፤ ደጅ ላይ ተከምሮ እንዳያጋልጠን ጫማችንን ይዘን እንገባለን፤ መዝሙሩንም በሹክሹክታ እንዘምራለን። ሹክሹክታው ደግሞ መንገድ ላይ እንዳይሰማ፣ አንድ ሰው ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ የስፌት መኪናውን ይረግጣል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

መኪናው ክር የለውም። ጨርቅም የለም። ጸሎቱ እስኪያልቅ ባዶ መርፌ ማመላለስ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ወፍጮ ቤት ጆንያ ስሸከም ከርሜ፣ እሁድ ደግሞ እግሬ እስኪዝል እረግጣለሁ። ያን ያህል መንገድ ላይ ረግጬ ቢሆን ኖሮ ሞያሌን አልፌ ናይሮቢ ገብቼ፣ ምሳ በልቼ ተመልሼ ነበር። የሚያናድደው፣ ስብከቱን አንድ ቀን እንኳ አሟልቼ ሰምቼው አላውቅም። ቃሉ እኔ ጋ የሚደርሰው በራሴው መኪና ጩኸት ተቆራርጦ ነው።

የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መጠመቅ። ከእኔ በኋላ የመጡት ሁሉ ተጠምቀዋል። ለመጠመቅ ሽማግሌው ፊት ቀርቦ አንድ ጥያቄ መመለስ ነው፤ አንድ!

«ዛሬ ብትሞት፣ ጌታ ለምን ብሎ መንግሥተ ሰማይ ያስገባሃል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይኼም ይጠየቃል? ይዩታ!» ብዬ ሱሪዬን ወደ ላይ ሰብስቤ ባቴን አሳየኋቸው። ከመርገጥ ብዛት የበሬ ባት አክሏል።

ጎንበስ ብለው አዩት። «ጥሩ ባት ነው» አሉ። «ሌላ ቀን እንነጋገራለን።»

ለሁለተኛው ጊዜ ተዘጋጅቼ ሄድኩ። የሚፈለገው መልስ «በጸጋ» የሚል መሆኑን ከተጠመቁት አጣርቻለሁ። ገና ጥያቄው ሳያልቅ «በጸጋው ጋሼ! በጸጋው ብቻ!» አልኩ። ፊታቸው ሲበራ አየሁ። እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? «እውነቱን ለመናገር ግን» ብዬ ቀጠልኩ፣ «እኔ ላይ ጸጋው ብዙም አልደከመም።»

ሌላ ቀን እንነጋገራለን አሉ።

እንዲህ ተናድጄ በምረግጥበት ሰሞን፣ አንድ እሁድ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ በሩን ገፍቶ ገባ። ጠመንጃ ትከሻው ላይ፣ የተጣጠፈ ካኪ ሱሪ ብብቱ ሥር። ከመካከላችን በእሱ እጅ ተይዘው ቀበሌ ያደሩ ነበሩ።

«እሁድ እሁድ የምትሰፋው ምንድን ነው? ልብሱስ የታለ?»

«ባለቤቶቹ ወሰዱት፣ ጓድ።»

«እንግዲያው ይቺን ስፋልኝ። እግሯ ላይ ተቀዳለች። ቆሜ እጠብቃለሁ።»

እኔ ቁልፍ እንኳ ተክዬ አላውቅም። ከመሳቢያው ክር አውጥቼ፣ ሽማግሌው ሲያደርጉ እንዳየሁት፣ መርፌው ውስጥ አስገባሁ። ለካ ይህን ሳደርግ መኪናው ቆሟል! ከጀርባ ሹክሹክታው ጥርት ብሎ ተሰማ። ሰውዬው ጆሮውን አቀና። እኔ ደነገጥኩና ሱሪውን ከመርፌው ሥር ወትፌ ረገጥኩ። መርገጥ እንደሆነ ማን ይችለኛል።

ሱሪውን አንሥቶ እጁን በሱሪው እግር በኩል ቢሰድ አልወጣለትም። የፊቱን ከኋላው ጋር ደፍኜዋለሁ።

«ይኼ ሱሪ ነው ከረጢት?»

ሽማግሌው ከጀርባ ወጡ። «ልጄ፣ እሱ ልብስ ሰፊ አይደለም» አሉት። «እየጸለይን ነው። እርሱ ድምፃችንን ይሸፍንልናል። ሱሪህን አምጣና እኔ ላስተካክልልህ።»

አለቀልን አልኩ። ሰውዬው ግን ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። እሳቸው ስፌቴን እየፈቱ፣ እንደገና እየሰፉ፣ ረጅም ጨዋታ አጫወቱት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም፤ መኪናው ይጮኻል። በሚቀጥለው እሁድ ያለ ጠመንጃ መጣ። በሚቀጥለውም። እኔ ሱቁ ውስጥ እረግጣለሁ፣ እሱ ከጀርባ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጦ ስብከት ይሰማል!

ጥቂት ወራት ቆይቶ ያው ጥያቄ ቀረበለት። በሩ ሥር ቆሜ ነበር።

«እኔን?» አለ። «እኔ በረኛው ብሆን እኔን አላስገባም ነበር። እሱ ካስገባኝ ከራሱ ደግነት ነው እንጂ፣ እኔ ይዤ የምቀርበው የለኝም።»

ሽማግሌው አቅፈው አለቀሱ። አለፈ። በመጀመሪያው! ያሰረን ሰውዬ ሲያልፍ፣ እንዳንታሰር እግሬን የጨረስኩት እኔ ወደቅኩ።

በሩን በርግጄ ገባሁ። «ጋሼ፣ እኔስ ምን ልበል? ይንገሩኛ! ባቴን አሳየሁ፣ አልፈለጉም። ጸጋ አልኩ፣ አልፈለጉም። እግሬም አለቀ፣ አፌም አለቀ። ከእንግዲህ የምለው የለኝም። ከፈለገ ያስገባኝ፣ ካልፈለገ ይተወኝ፤ በቃ!»

መነጽራቸውን አወለቁና አዩኝ። «እሁድ ንጋት ላይ ወንዝ እንወርዳለን። ቅያሪ ልብስ ያዝ።»

«ምን መለስኩ?»

«ምንም» አሉ። «ምንም አልመለስክም።»

የባሰ ተናደድኩ። ስንት ቀን ያጠናሁት መልስ ወድቆ፣ ንዴቴ ፈተናውን አለፈ። በምን እንዳለፍኩ ለሰው የምተርከው እንኳ አልተረፈኝም።

እሁድ ንጋት ላይ፣ ልብስ ልናጥብ የሄድን መስለን፣ ጨርቃችንን ጠቅልለን ከሀና ማርያም በታች ወዳለው ወንዝ ወረድን። ሰውዬው ቀድሞ ገባ፣ ጠልቆ ወጣ፣ ፊቱ አበራ። «አሁን አንተ» አሉኝ ሽማግሌው ከውሃው መሃል። ያን ጊዜ ነው ለማንም ያልነገርኩት ነገር እግሬን የያዘው። ውሃ እፈራለሁ። ፊቴን እንኳ የምታጠበው ዓይኔን ገልጬ ነው፤ የት እንዳለሁ እንዳይጠፋኝ።

ያ ናይሮቢ ያደርሳል ያልኩት እግር ዳር ላይ ተተከለ። ሰውዬው ተመልሶ መጣና ጀርባውን ሰጠኝ። «ና ወንድሜ፣ ልዘልህ።»

«ተው ጓድ፣ በራሴ እገባለሁ!»

«አውቃለሁ። ና።»

ጆንያ ተሸካሚው እንደ ጆንያ ተጫንኩ። አንገቱን አንቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ውሃው መሃል ሄድኩ። እዚያ ጀርባ ላይ፣ ውሃው ገና ሳይነካኝ፣ ሽንቴ አመለጠኝ። እሱ አውቋል፤ ያ ወንዝ በጠዋት በረዶ ነው፣ ጀርባውን ያሞቀው ወንዙ ሊሆን አይችልም። ቀስ ብሎ ሽማግሌው ፊት አወረደኝ፣ እኔም ተጠመቅኩ፤ እሱም ለማንም ሳይናገር ኖረ። እንግዲህ እኔው ልናገር፦ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ወገቤ ለማይደርስ ውሃ፣ ሱሪውን በደፈንኩበት ሰው ጀርባ ላይ ሸንቻለሁ።